የሆቴል የደንብ ልብስ፦ ዝግጁውን፣ በልክ የሚሰፋውን ወይስ በትእዛዝ የሚጠናቀቀውን?

የጥምቀትን እንግዳ የሚጠብቅ የባሕር ዳር ሆቴል ለሠራተኞቹ የደንብ ልብስ ሲገዛ አስቀድሞ የሚጠይቀው ዋጋ ነው። ከዋጋው በፊት ግን አቅራቢውን መጠየቅ ያለበት ልብሱ አሁን በምን ደረጃ ላይ እንዳለ ነው፤ ተሰፍቷል፣ ገና ጣቃ ነው ወይስ ጨርቁም አልተገዛም?

ተሰፍቶ የተደረደረው ርካሽ ነው፤ በዕለቱም ይወሰዳል። ለአትክልተኛና ለዕቃ አጣቢ ከዚህ የተሻለ አላውቅም። ጉድለቱ የሚታየው ሲደገም ነው፦ ዘንድሮ የገዙት ሰማያዊ በሚቀጥለው ጭነት ከሚመጣው ሰማያዊ ጋር ላይገጥም ይችላል።

በልክ የሚሰፋው ለሥራ አስኪያጅና ለእንግዳ ተቀባይ ያምርባቸዋል። ለአርባ አስተናጋጅ ግን አልመክርም። አስተናጋጅ ይለቅቃል፣ ሌላ ይቀጠራል፤ ለለቀቀው የተለካው ለአዲሱ አይሆንም። ጨርቁ የሚፈለገው ከትእዛዙ በኋላ ከሆነ ደግሞ ከአዲስ አበባ ተጭኖ የአባይን በረሃ እስኪሻገር ቀጠሮው ያልፋል። አንዳንዴ ሥራውን የሚያስቆመው የልብስ ቁልፍ ብቻ ነው።

ሦስተኛው መንገድ ሁለቱን ያስታርቃል። ሸሚዙ አርማ ሳይኖረው በየመጠኑ ተሰፍቶ ይቀመጣል፤ ትእዛዝ ሲመጣ የሆቴሉ ስም ይጠለፍበታል። የጣሊያኑ ልብስ አምራች ቤኔቶን የታወቀው በዚሁ ዘዴ ነው፤ ሹራቡን ሳይነክር ሠርቶ ያስቀምጥና የትኛው ቀለም እንደተፈለገ ሲያውቅ ይነክረው ነበር። ደንበኛን ከደንበኛ የሚለየው ሥራ ወደ መጨረሻው ስለተገፋ፣ አዲስ ለተቀጠሩ ሦስት አስተናጋጆች ብቻ ማዘዝም ይቻላል። አቅራቢው ገንዘቡን በተከማቸ ሸሚዝ ላይ ስለሚያስር ዋጋው ከዝግጁው ትንሽ ከፍ ይላል፤ የኮሌታውን ቅርጽ ልምረጥ ቢሉም አይሆንም። ለአብዛኛው የጣና ዳር ሆቴል ግን እኔ የምመርጠው ይህንን ነው።

ጥልፉን በደንብ ይፈትሹት። ጥቅጥቅ ያለ ጥልፍ ስስ ሸሚዝ ላይ ካረፈ ዙሪያው ይጨማደዳል፤ ስለዚህ ናሙናውን ገልብጠው ከኋላው ደጋፊ ጨርቅ መኖሩን ይዩ፣ ቆዳ የሚኮሰኩስ መሆኑንም በእጅዎ ይዳስሱ። አጥበውና ተኩሰው ካዩት በኋላ ቀሪውን ይዘዙ።

ቀብድ ከመክፈልዎ በፊት ደግሞ መጋዘኑን ያሳዩኝ ይበሉ። መካከለኛው መጠን ሞልቶ ትንሹና ትልቁ ከሌሉ፣ ቃል የተገባልዎት ፈጣን ትእዛዝ ከባዶ የሚጀመር ስፌት ነውና የመረከቢያውን ቀን በዚያው ልክ ይቁረጡ።