ሰብል ማፈራረቅ ይደጎም ወይስ መሬት ማሳረፍ? ከካርቦን ልቀት አንጻር

ባቄላን ከስንዴ ጋር የሚያፈራርቅ ገበሬ፣ በባቄላው ሥር የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ናይትሮጅንን ከአየር ስለሚይዙለት፣ የሚያስፈልገው ማዳበሪያ ይቀንሳል፤ በዚህም ማዳበሪያው ሲመረት የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ብቻ ሳይሆን፣ በ100 ዓመት ስሌት ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 273 እጥፍ ያህል የማሞቅ አቅም ያለውና ማዳበሪያ ከተጨመረበት ማሳ የሚወጣው ናይትረስ ኦክሳይድ የተባለው ጋዝም ይቀንሳል። መሬት ማሳረፍ የዓመቱን የማዳበሪያና የነዳጅ ፍጆታ ያስቀራል። ነገር ግን ማሳው ራቁቱን ከተተወ፣ ወደ አፈሩ የሚመለስ የተክል ቅሪት ስለማይኖር የተከማቸው ካርቦን እየተብላላ ይወጣል፤ የጎደለውም ምርት ሌላ ቦታ ደን ተመንጥሮ ከተተካ፣ ልቀቱ ቦታ ቀየረ እንጂ አልጠፋም። ስለዚህ በድጎማ ረገድ ማፈራረቁን አስቀድማለሁ፤ ማሳረፉን የምደግፈው አፈሩ እጅግ ለተጎዳ ማሳ፣ ያውም ሣር ወይም ሌላ ተክል ለብሶ ሲያርፍ ነው።