ክላምፕ ሜትር ለናፍጣ መኪና፦ ከወራት አገልግሎት በኋላ

ፍርዱን ከፊት ላስቀምጠው። ናፍጣ መኪና ካላችሁና ኮፈን ከፍታችሁ መነካካት የማያስፈራችሁ ከሆነ፣ ዲሲ፣ ማለትም ከባትሪ የሚወጣውን ዓይነት ከረንት፣ የሚለካ ክላምፕ ሜትር ያስፈልጋችኋል። የኔን ለወራት ተጠቅሜበታለሁ። የሚያናድዱኝ ጠባዮች አሉት፤ እነሱንም እነግራችኋለሁ። ካንዴሌታ፣ ማለትም ግሎው ፕላግ፣ ሲያስቸግር ግን እንደሱ ቶሎ እውነቱን የሚያወጣ ዕቃ አላየሁም።

ዕቃው መካከለኛ ደረጃ ላይ ያለ ነው። እስከ 400 አምፔር ይለካል። ቮልትና ኦምም ያነባል፤ ሽቦ መቆረጥ አለመቆረጡን በድምፅ የሚፈትሽበት ቦታም አለው። አፉ ይከፈትና ሽቦውን ይጎርሳል፣ በውስጡ የሚያልፈውን ከረንት በቁጥር ያሳያል። የሚፈታ ሽቦ የለም፣ የሚቆረጥም የለም።

ሥራ የጀመረው በአንድ የታወቀ ችግር ነው። ጠዋት ሞተሪኖው፣ ማለትም ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳው፣ ደህና አድርጎ ያዞራል፤ ሞተሩ ግን አልነሳም ይላል። ብዙ ከታገለ በኋላ እየተንቀጠቀጠ ይነሳል፣ ነጭ ጭሱን ይለቀዋል። ትንሽ ሲሞቅ ሰው ይሆናል። ከዚያ በኋላ ቀኑን ሙሉ አጥፍታችሁ ብታስነሱት ገና ሲነካ ይነሳል። እንዲህ ሲሆን ያየ ሁሉ “ባትሪ ነው” ይላል። ባትሪ ከደከመ ግን ሞተሪኖው ራሱ ያቃስታል። በደንብ እያዞረ በብርድ ብቻ የማይነሳ ከሆነ፣ መጀመሪያ መጠርጠር ያለበት ካንዴሌታው ነው።

ናፍጣ ሞተር ብልጭታ የለውም። አየሩን አምቆ በሚፈጥረው ሙቀት ነው ናፍጣውን የሚያቀጣጥለው። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሲሆን ብረቱ ያንን ሙቀት ይመጠዋል። ካንዴሌታው ጫፉን አግሎ ጉድለቱን ይሞላል። ለዚህ የሚበላው ከረንት ቀላል አይደለም። የተለመደው ባለ12 ቮልት ካንዴሌታ መጀመሪያ ላይ 20 አምፔር አካባቢ ሊስብ ይችላል። እየጋለ ሲሄድ ሬዚስታንሱ (በኦም የሚለካው፣ ከረንትን የሚገታበት አቅሙ) ይጨምርና ወደ 10 አካባቢ ይወርዳል። ለእያንዳንዱ ሲሊንደር አንድ ካንዴሌታ አለ፤ ሞተሩ ባለ አራት ሲሊንደር ከሆነ ይህን በአራት አባዙት። ፊውዙ 50፣ 60፣ 80 አምፔር የሚሆነው ለዚህ ነው። ብዙ ጊዜ በብሎን የሚታሰር ጠፍጣፋ ነው፤ እንደ ሬዲዮ ፊውዝ በጣት ተነቅሎ አይወጣም።

ተራው መልቲሜትር እዚህ ላይ ነው የሚያጥረው። አብዛኛው ከ10 አምፔር በላይ አይችልም። በካንዴሌታ መስመር መሃል ካስገባችሁት፣ የመኪናውን ፊውዝ ስትፈልጉ የመልቲሜትሩን ታቃጥላላችሁ።

ክላምፑን ወደ ካንዴሌታዎቹ በሚሄደው ወፍራም ሽቦ ላይ አጎረስኩት። ሞተሩ ቀዝቃዛ ነው። ቁልፉን ስከፍት ዳሽቦርዱ ላይ የካንዴሌታዋ ምልክት በራች፣ ትንሽ ቆይታ ጠፋች። ሜትሩ ግን ከዜሮ ንቅንቅ አላለም። ይቺን ምልክት አትመኗት። በብዙ አሮጌ መኪኖች ሰዓት ቆጥራ ነው የምትጠፋው፤ ካንዴሌታው ጋለ አልጋለ ጉዳይዋ አይደለም። አዳዲሶቹ መኪኖች የብልሽት ኮድ ይመዘግባሉ። ፒ0380 የካንዴሌታ መስመር ችግር ነው። ከፒ0671 እስከ ፒ0674 ያሉት ደግሞ ከአንደኛው እስከ አራተኛው ሲሊንደር በየተራ ይጠቁማሉ።

ቀጥሎ ፊውዙ። በላዩ ላይ ባለችው ግልጽ ፕላስቲክ ሳየው ሙሉ ይመስላል። ሜትሩን ወደ ቮልት አዞርኩት። ጥቁሩን ጫፍ ባትሪው ኔጌቲቭ ላይ፣ ቀዩን በባትሪ በኩል ባለው የፊውዙ ብሎን ላይ ሳደርግ 12.5 አለ። ቀዩን ወደ ሌላኛው ብሎን ሳሻግር ዜሮ። ፈትቼ ስገለብጠው ታየኝ። ብረቱ ብሎኑ ሥር፣ ፕላስቲኩ በሚሸፍነው ቦታ፣ ፀጉር በምታህል መስመር ተበጥሷል። ዙሪያው ጠቆር ብሏል። ፊውዝን በዓይን ብቻ የሚፈትሽ ሰው ይሄን ያልፈዋል።

ከዚህ የባሰም አለ። በክር የተንጠለጠለ ፊውዝ ጭነት በሌለበት በሁለቱም ወገን 12 ቮልት ያሳያችኋል። ስለዚህ ካንዴሌታው ከረንት በሚስብበት ቅጽበት ለኩት፤ የሜትሩ አንድ ጫፍ በፊውዙ አንድ ወገን፣ ሌላው በሌላው ወገን። ጤነኛ ከሆነ ከዜሮ ብዙም ፈቀቅ አይልም።

እዚህ ላይ አዲስ ፊውዝ አስሮ መሄድ ይቻላል። ብዙ ሰውም የሚያደርገው ይሄንኑ ነው። ሲደጋገምበት ደግሞ ከፍ ያለ አምፔር ይገዛል፣ ወይም ሽቦ ይጠመጥምበታል። ይሄ ጥገና አይባልም፣ እሳት መጋበዝ ነው። 80 በነበረበት 120 ስታስገቡ፣ ቀጣዩ ፊውዝ ሽቦው ራሱ ይሆናል።

እኔን ያሳሰበኝ ለምን ተቃጠለ የሚለው ነበር። አንዱ ካንዴሌታ ውስጡ ማሳ፣ ማለትም ከባትሪው ኔጌቲቭ ጋር የተያያዘውን ብረት፣ ነክቶ ሊሆን ይችላል። ሽቦው ሞተሩ ላይ እየታሸ ተልጦም ይሆናል። ከረንቱን የሚከፍትና የሚዘጋው ሪሌ ተጣብቆ አልለቅም ሊልም ይችላል። የፊውዙ ብሎን ላልቶ ወይም ዝጎ እዚያው ሙቀት የሚፈጥርበት ጊዜም አለ። ካንዴሌታዎቹን አንድ ላይ የሚያያይዘውን ብረት አወጣሁና እያንዳንዱን ከጫፉ እስከ ቴስታታው፣ ማለትም እስከተተከለበት የሞተሩ የላይኛው ክፍል፣ በኦም ለካሁ። ከመለካታችሁ በፊት የሜትሩን ሁለት ጫፎች እርስ በርስ አነካክታችሁ የሚያሳየውን ያዙ፤ የኔው 0.3 ይላል። ያንን ከንባቡ ቀንሱ። ሦስቱ 1 ኦም አካባቢ ሰጡ። የአራተኛው ንባብ 0.3 ነበር፤ ሲቀነስ ምንም አልቀረለትም። ማሳ የነካው እሱ ነው። ውስጡ ተበጥሶ ቢሆን ኖሮ ዝም ብሎ አይሠራም እንጂ ፊውዝ አያቃጥልም።

በነገራችን ላይ፣ ድምፅ የሚያሰማውን ቦታ ለዚህ ሥራ አትመኑት። ለ1 ኦምም ለዜሮም እኩል ይጮኻል። ጤነኛውም ሟቹም አንድ ዜማ ነው።

አራቱንም ቀየርኳቸው። አፈታቱ ትዕግሥት ይፈልጋል፤ ቴስታታው ውስጥ ከተሰበረ ሌላ ጣጣ ነው። ፊውዙን በዚያው በ80 ተካሁና ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ እንደገና ለካሁ። ከ70 በላይ ጀመረ፣ ዓይኔ እያየ ወረደ፣ 10 ሰከንድ ገደማ ሲሆነው 44 ላይ ረጋ። ይቺን ቁጥር በወረቀት ፕላስተር ላይ ጽፌ ኮፈኑ ሥር ለጠፍኳት።

ዕቃው ዋጋውን የመለሰልኝ በዚያች ቁጥር ነው። ከወራት በኋላ በሌላ ጉዳይ ኮፈን ከፍቼ ሳለ እግረ መንገዴን ለካሁ። 33 አለ። 44 ለአራት ሲካፈል 11 ነው፤ አንዱ ወጥቷል ማለት ነው። መኪናው ግን ምንም አላሳየም፣ በሦስቱ እየተነሳ ነበር። ስፈትሽ የአንዱ ካንዴሌታ ዳዶ ላልቶ አያያዡ ብረት ነፃ ሆኗል። አጥብቄ ስለካ 44 ተመለሰ። ያለ ክላምፕ ይሄን የማውቀው ሁለተኛው ሲከተለው ነበር።

አሁን ወደ ንዴቱ። ዲሲ ሲለካ ዜሮውን ይስታል። ከመለካታችሁ በፊት ሁልጊዜ አፉን ባዶ ዘግታችሁ የዜሮ ቁልፉን መጫን አለባችሁ፤ አለዚያ ሁለት ሦስት አምፔር ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ ይጨምራል። 44 ስትለኩ ይሄ አይጎዳም። መኪና ቆሞ ሌሊት ባትሪ የሚመጠውን ትንሽ ከረንት ለመያዝ ግን አይረባም። በመነሻው ቅጽበት የሚሳበውን ከፍተኛ ከረንት ይይዛል የተባለው ቁልፍ የሚሠራው በኤሲ፣ ማለትም በቤት መብራት ዓይነት ከረንት፣ ብቻ ነው፤ ካርቶኑ ላይ ይሄ አልተጻፈም። አፉም ወፍራም ነው፣ በተጠጋጉ ሽቦዎች መሃል አይገባም። ራሱን በራሱ ማጥፋቱስ? ልክ ሁለት እጃችሁ ተይዞ ሳለ።

መኪናችሁ አዲስ ከሆነ የኔን ቁጥሮች አትከተሉ። ብዙዎቹ ካንዴሌታውን በኮምፒውተር እያቆራረጡ ነው የሚመግቡት፤ ሜትሩም አማካዩን ብቻ ነው የሚያሳየው። ካንዴሌታዎቹም ከ12 ቮልት በታች የሚሠሩ ስለሚሆኑ፣ ለሙከራ ብላችሁ በቀጥታ ከባትሪ ብታያይዟቸው ይቃጠላሉ።

ልትገዙ ከሆነ መምረጫውን እዩ። ከአምፔር ምልክቱ ጎን ቀጥ ያለ መስመርና ከሥሩ ነጠብጣብ መኖር አለበት። የማዕበል ምልክት ብቻ ካለ ኤሲ ነው፤ ለቤት እንጂ ለመኪና ባትሪ አይሆንም። ቤንዚን ብቻ ለሚነዳ ሰው ግን ግዛ ብዬ አልጎተጉትም፤ ለአብዛኛው ነገር ተራው መልቲሜትር ይበቃዋል።