እጅዎ ይባረክ ሲስተር!

ይህን የምጽፈው የመጀመሪያ እርዳታ ያስተማሩንን ሲስተር ለማመስገን ነው። ሠራተኛ ያላችሁ ሰዎችም ብታገኟቸው ደስ ይለኛል።

እኛ አዲስ አበባ ውስጥ የቤት ዕቃ እንሠራለን፤ አልጋ፣ ቁም ሳጥን፣ የኩሽና ካቢኔት። 26 ሰዎች ነን። ባለፈው ዓመት የዕቃ ግምጃ ቤቱ ጋሼ ከምሳ በኋላ ድንገት ወደቁ። አንዱ ውኃ ረጨ። ሌላው ክብሪት ጭሮ አፍንጫቸው ሥር ያዘ። ያጣጥሩ ስለነበር "እየተነፈሱ ነው" ብለን ተጽናናን። መኪና ተፈልጎ ሆስፒታል ስንደርስ አልፈው ነበር። ይተርፉ ነበር ወይ የሚለውን የሚያውቀው ፈጣሪ ነው። ግን ደረታቸውን የተጫነ አንድም ሰው አልነበረም። ይኼ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ከቀብር መልስ አለቃችን "ያንን የልብ ማሽን እንግዛ" አሉ። ኤኢዲ ማለታቸው ነው፤ ልብ ድንገት ሲቆም በኤሌክትሪክ ንዝረት (ሾክ) ምቱን ለመመለስ የሚሠራው ማሽን። በ2013 ዓ.ም. ሰኔ ላይ የዴንማርኩ ኳስ ተጫዋች ኤሪክሰን ኮፐንሃገን ሜዳ ላይ ሲወድቅ በቴሌቪዥን አይተናል። ደረቱን ተጭነው፣ በማሽኑ ልቡን መልሰውለት፣ ቆይቶ ኳስ ተጫወተ። ሦስት ፕሮፎርማ ሰበሰብን። ከዋጋው ሌላ ምን እንደምናወዳድር ግን አናውቅም። ያኔ ነው ሲስተርን ሰው የጠቆመን። ድንገተኛ ክፍል ብዙ ዘመን ሠርተው ጡረታ የወጡ ነርስ ናቸው። ከሻጭ ኮሚሽን አይቀበሉም።

ፕሮፎርማዎቹን አገላብጠው "ፓዱ ጊዜው ሲያልፍበት ከየት ታመጣላችሁ?" አሉ። ደረት ላይ የሚለጠፈው ፓድ ጄሉ ይደርቃል፣ ባትሪውም ያልቃል። ርካሹን ያቀረበልን ነጋዴ መለዋወጫ የለውም። ከዚያ በመጋዝ አቧራ የተሸፈነውን መስኮት በጣታቸው ጠረግ አድርገው አሳዩን። ለእኛ ቤት አይፒ55 የተጻፈበት ይሻላል አሉ፤ የመጀመሪያው 5 አቧራን፣ ሁለተኛው ውኃን መቋቋሙን ይናገራል። ማሽኑ የሚያወራው በእንግሊዝኛ ስለሆነ ትእዛዞቹን በአማርኛ ጽፈው ሳጥኑ ላይ ለጠፉልን። ከሥሩ የድንገተኛ ጥሪ ስልኮቹ 907 እና 939 በትልቁ ተጽፏል።

አለቃችን ውድ ዕቃ ነው ብለው ቢሯቸው ሊቆልፉበት አስበው ነበር። ሲስተር "ማታ ቁልፉ ማን ጋ ነው?" አሉ። ዝም ተባለ። አሁን ጥበቃ ቤቱ አጠገብ ተሰቅሏል፣ ቁልፍ የለውም። ልብ ቆሞ ማንም ካልረዳ፣ የመትረፍ ዕድል በየደቂቃው ከ7 እስከ 10 በመቶ ይቀንሳል።

ከሁሉም በላይ የማመሰግናቸው ግን ስለ ስልጠናው ነው። ማሽኑ ሳይገዛ በፊት ሰዉ ይማር አሉ፤ ጥበቃውም፣ ሻይ የምታፈላልን እህታችንም። እሷ የልምምድ አሻንጉሊቱን እሰብረዋለሁ ብላ ፈራች። ሲስተር እጃቸውን እጇ ላይ ደርበው "የጎድን አጥንት ይጠገናል የኔ ልጅ፣ ተጫኝ!" አሏት። ከ5 እስከ 6 ሴንቲሜትር ወደ ታች፣ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ። 30 ተጭኖ 2 ትንፋሽ። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ላብ አጠመቃት፤ ለዚህ ነው በየሁለት ደቂቃው ሰው የሚቀያየረው። ማሽኑ ራሱ የልብን ምት አንብቦ ካላስፈለገ ሾክ አይሰጥም፤ ይኼን ስንሰማ ፍርሃታችን ቀለለ።

ቀጥለው "ማጣጣር ትንፋሽ አይደለም" አሉ። እርስ በርሳችን ተያየን። ማንም የጋሼን ስም አልጠራም።

ቁስል ላይ ቡና መነስነስም ቀርቷል። ንጹሕ ጨርቅ ጭነን አጥብቀን እንይዛለን። መጋዝ ጣት ከቆረጠ የተቆረጠው በእርጥብ ንጹሕ ጨርቅ ተጠቅልሎ፣ በፕላስቲክ ታስሮ በረዶ ላይ ይቀመጣል፤ በረዶው በቀጥታ እንዳይነካው።

ሰው ከበዛችሁ ሁለት ቀን ጠይቋቸው። እኛ በአንድ ቀን ለ26 ሰው አሻንጉሊቱ አልዳረሰንም፤ በሦስተኛው ወር ተመልሰው ሁላችንንም አንድ በአንድ ፈትነውናል፣ ለዚያ ተጨማሪ ሳንቲም አልጠየቁም። ስማቸውን በአደባባይ እንዳልጽፍ አደራ ስላሉኝ፣ ስልካቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ።

ሲስተር፣ እድሜ ይስጥልን። ጥበቃችን በየሰኞው ጠዋት የማሽኑን አረንጓዴ መብራት አይቶ ደብተሩ ላይ ይፈርማል። እስካሁን አንድም ሰኞ አላለፈውም።