ያገለገለ ባለ 22 ጠመንጃ፦ ማርሊን 60 ወይስ ሩገር 10/22?

በዚህ በጋ ብቻ ሦስት ጓደኞቼ ደውለው አንድ ዓይነት ጥያቄ ጠየቁኝ። «ዒላማ መለማመጃ የምትሆን ያገለገለች 22 ፈልጌ ነበር። ማርሊን 60 በ150 ዶላር አለ። ሩገር 10/22 ግን ከ220 በታች አጣሁ። የቱን ልውሰድ?» ለሦስቱም ሩገሩን አልኳቸው። ሦስቱም «ሰባ ዶላር ለምን ልጨምር?» አሉኝ። ያቺን ሰባ ዶላር አተርፋለሁ ብዬ ስንት እንዳወጣሁ ልንገራችሁ።

ስለ ርዝመትና ስለ ክብደት አላወራም። ሁለቱም 22 ሎንግ ራይፍል የሚባለውን ያንኑ ትንሽ ጥይት ይተኩሳሉ። ሁለቱም ራሳቸው ያጎርሳሉ። ልዩነቱ የሚታየው የሆነ ነገር ሲሰበር ነው። የቆየ ጠመንጃ ደግሞ አንድ ቀን መሰበሩ አይቀርም።

ጎጃም የነበሩት አያቴ ጠመንጃ ሊገዙ ሲሉ መጀመሪያ የሚጠይቁት «ጥይቱ ይገኛል?» ብለው ነበር። አልቤንም ይሁን ምንሽር፣ ጥይት የማይገኝለትን በነጻ ቢሰጧቸውም አይወስዱም። እዚህ ቨርጂኒያ የ22 ጥይት ሞልቷል። እዚህ መጠየቅ ያለበት «መለዋወጫው ይገኛል? ቢገኝስ ይገጥማል?» የሚለው ነው።

የኔ ማርሊን ላዩ ላይ ማርሊን አይልም ነበር። «ግሌንፊልድ ሞዴል 60» ይላል። ግሌንፊልድ ማርሊን ራሱ ለትልልቅ መደብሮች በርካሽ ያቀርብበት የነበረ ስም ነው። ውስጡ ያው 60 ነው። ሰደፉ ግን ዋልነት እንዲመስል የተቀባ በርች ነው፤ የኔው ላይ ስኩዊረል ተቀርጾበታል። ደስ ይላል። ያገለገለ ዕቃ የሚሸጠው ፖውን ሾፕ 140 ዶላር ሲለኝ አልተከራከርኩም።

ሦስተኛ ቀን ሬንጅ፣ ማለትም ተኩስ መለማመጃ ቦታ፣ ስወጣ ቀለህ መንከስ ጀመረ። አንድ ይተኩስና ይቆማል። ቤት ወስጄ ስፈታው ቦልቱ፣ ጥይቱን እየገፋ የሚያጎርሰው ተንሸራታች ብረት፣ ወደ ኋላ ሲመለስ የሚያርፍባት የፕላስቲክ ቁራጭ፣ በፈር የሚሏት፣ ማር መስላ ቢጫ ሆና ተፈርፍራለች። ፍርፋሪዋ መጎረሻው ውስጥ ገብቷል። ይህ የኔ ዕድል ብቻ እንዳይመስላችሁ። የቆየ ማርሊን 60 ላይ የታወቀ በሽታ ነው። አዲሷ በፈር 11 ዶላር፣ መላኪያዋ 9 ዶላር። ቁራጯና መላኪያዋ እኩል ሊሆኑ ምንም አልቀራቸውም። ይህን የመላኪያ ነገር አስታውሱት፤ ትንንሽ ዕቃ በተናጠል ያዘዘ ሰው የሚያልቀው እዚያ ላይ ነው።

በፈሯን ቀየርኩ። ትንሽ ተሻለው፣ ግን አልዳነም። የማጎረሻው ክፍልም ተበልቷል። ኢንተርኔት ላይ ፎቶውን አይቼ «የሞዴል 60» የሚል በ34 ዶላር አዘዝኩ። 9 ዶላር መላኪያ። መጣ፤ አልገጠመም። ሻጩ «ሞዴል 60 ነው ያልከኝ፣ ሞዴል 60 ነው የላክሁልህ» ብሎ አልመልስም አለኝ። የሚያናድደው እሱም አለመዋሸቱ ነው።

ማርሊን 60 በፈረንጆቹ አቆጣጠር ከ1960 ጀምሮ ለብዙ አሥርት ዓመታት ተሠርቷል። ስሙ አልተለወጠም፣ ውስጡ ግን በየጊዜው ተለውጧል። በ1980ዎቹ አጋማሽ የመጨረሻው ጥይት ሲያልቅ ቦልቱ ክፍት ሆኖ እንዲቆም አደረጉት፤ ከዚያ በፊት ያለው እንዲህ አያደርግም፣ የውስጥ ዕቃውም ይለያል። በ1980ዎቹ መጨረሻ ደግሞ ከበርሜሉ ሥር ያለው ቱቦ የሚይዘው ጥይት ወደ 14 ተቀነሰ። በኋላም በርሜሉ ከ22 ኢንች ወደ 19 አጠረ። ስለዚህ «የ60 ቱቦ» ብሎ ማዘዝ ምንም ማለት አይደለም። የየትኛው ዓመት 60?

ዓመቱን የምታውቁበት መንገድ አለ፤ ይህን ያኔ የነገረኝ ቢኖር 43 ዶላሬ አይቃጠልም ነበር። ከ1973 ወዲህ በተሠሩት ላይ የመለያ ቁጥሩን የመጀመሪያ ሁለት አሃዞች ከ2000 ቀንሱ። በ22 ከጀመረ 1978 ነው። ከ2000 በኋላ እስከ 2010 ገደማ ለተሠሩት ከ2100 ቀንሱ፤ በ98 ከጀመረ 2002 ነው። መጀመሪያ ይህን አውቃችሁ፣ ቀጥሎ የተሰበረባችሁን ዕቃ ከአዲሱ ጎን በፎቶ አስተያይታችሁ፣ ከዚያ በኋላ ብቻ ካርዳችሁን አውጡ።

ትክክለኛው ዕቃ 38 ዶላር ከነመላኪያው 47 ሆነ። ስገጥመው ክፍሉን የያዙት የምስር ፍሬ የሚያክሉ ማሰሪያ ቀለበቶች ናቸው። አንዷ ተፈናጥራ ምንጣፍ ውስጥ ጠፋች። በመጨረሻ ገንስሚዝ፣ ጠመንጃ ጠጋኝ፣ ዘንድ ወሰድኩት፤ 80 ዶላር። ደምሩት፦ 140፣ 20፣ 43፣ 47፣ 80። 330 ዶላር።

አዲስ ዕቃ ከፋብሪካ ይመጣል ብላችሁም አትጠብቁ። ማርሊንን ሌላው የአሜሪካ ጠመንጃ አምራች ሬሚንግተን ገዛው፣ ኮኔክቲከት ኖርዝ ሄቨን የነበረው አሮጌው ፋብሪካ ተዘጋ፣ በ2020 ሬሚንግተን ራሱ ሲከስር ማርሊንን የገዛው ማን መሰላችሁ? ሩገር። ሩገርም መጀመሪያ ወደ ገበያ የመለሰው በእጅ የሚጎርሱትን ሌቨር አክሽኖች ነው። ስለዚህ የአሮጌ 60 ዕቃ በአብዛኛው ከሌላ አሮጌ ላይ የተፈታ ነው። የተበላ ሰጥታችሁ ትንሽ ያልተበላ ትወስዳላችሁ።

አሁን ወደ ሩገሩ። 10/22 በ1964 ወጣ። የዛሬ ካዝና የ1964ቱ ላይ ገብቶ ቀጭ ይላል። በርሜሉ የተያዘው በሁለት ብሎን ነው፤ ብሎኖቹን ፈታችሁ በርሜሉን ትስባላችሁ። የማርሊኑ በርሜል ግን በኃይል የተወተፈና በፒን የተቆለፈ ነው፤ ቤት ውስጥ የሚነካ አይደለም። የሩገሩ የምላጭ ክፍል ሁለት ፒን ሲወጣለት በሙሉ በእጃችሁ ይቀራል። የቀድሞው ብረት የኋለኛው ፕላስቲክ ነው፣ ግን አንዱ በሌላው ቦታ ይገባል። ሚሊዮኖች ስለተሸጡ መለዋወጫው እንደ ቶዮታ ዕቃ በየቦታው አለ።

የኔን ያገለገለ 10/22 በ225 ዶላር ገዛሁ። ቀለህ የምታወጣው መንጠቆ ደንዛ ነበረች። ኦሪጅናሏ ከነሞላዋ 14 ዶላር። በካቻቢቴ ጫፍ ሞላዋን ገፋ አድርጌ ራሴ ቀየርኳት፤ አሥር ደቂቃ አልፈጀም። እስካሁን የጠየቀኝ ጥገና ይህ ብቻ ነው።

ግን የሩገሩ ችግር መብዛቱ ነው። ዕቃው በበዛበት ቦታ ኮፒው ይበዛል። እኔም ሁለት ካዝና በ16 ዶላር አግኝቼ ደስ ብሎኝ ነበር። ኦሪጅናሉ አንዱ ብቻ 20 ዶላር አካባቢ ነው። ከኮፒዎቹ አንዱ ገና በመጀመሪያው ቀን አምስተኛዋ ጥይት ላይ ነከሰ። ሁለተኛው ጥይት የሚይዝበት የፕላስቲክ ከንፈሩ ተከፈተ። ሁለቱንም ጥዬ ኦሪጅናል ሁለት በ40 ገዛሁ። እንግዲህ 225፣ 14፣ 16፣ 40። 295 ዶላር፣ ከነስሕተቴ። ማርሊኑ ደግሞ 330። ካዝና፣ መንጠቆና መርፌ ከሆነ የሩገርን ኦሪጅናል ብቻ ግዙ። ሰደፍና የሰደፍ ብሎን ከሆነ ኮፒውም ግድ የለም።

ሁለት ወጥመድ ልጨምር። ሩገር በአንድ ወቅት 10/22 ማግነም የሚባል ሠርቷል። መልኩ ተመሳሳይ ነው፣ ጥይቱም ካዝናውም ቦልቱም ግን ሌላ ነው። ሻጩ «10/22 ነው» ካላችሁ በርሜሉ ላይ የተጻፈውን አንብቡ። ሁለተኛው፣ ወፍራሙ የዒላማ በርሜል መደበኛው ሰደፍ ውስጥ አይገባም። በርሜሉን በርካሽ አገኘሁ ብሎ የመጣ ሰው ሰደፍም ይገዛል።

ለማርሊኑ ፍትሕ ልስጠው። ዒላማ ላይ ከኔ ሩገር ይሻላል። በርሜሉ ውስጥ ያለው ማይክሮ ግሩቭ የሚሉት 16 ጥልቀት የሌለው መስመር ሥራውን ያውቃል። ካላችሁ ወይም ከሰው በስጦታ ከደረሳችሁ አትሽጡት። በፈሯን አሁኑኑ ቀይሩ፣ አንድ ትርፍም አስቀምጡ። ባዶውንም አትተኩሱት፤ የ22 መርፌ የምትመታው የጥይቱን ጠርዝ ነው፣ ጥይት ከሌለ የበርሜሉን የኋላ ጠርዝ ትመታለች። ገንዘብ አውጥታችሁ ልትገዙ ከሆነ ግን የኔ ምክር አይለወጥም።

ደጋግማችሁ ስለምትጠይቁኝ ስለ ሕጉም ትንሽ። ግሪን ካርድ ያለው ሰው መግዛት ይችላል። በጊዜያዊ ቪዛ ያለ ግን ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር አይችልም። «አንተ ግዛልኝና ብሩን ልስጥህ» የሚለው ነገር በፌዴራል ሕግ ወንጀል ነው፤ ወንድሜም ቢጠይቀኝ አላደርገውም። መለዋወጫም በሻንጣ ወደ አገር ቤት አትላኩ። አሜሪካ የጠመንጃ ዕቃ ወደ ውጭ መላክን ትቆጣጠራለች፤ ኢትዮጵያም የጦር መሣሪያ አዋጅ ቁጥር 1177/2012 አላት።

ከጓደኞቼ አንዱ ቅዳሜ እዚሁ ቨርጂኒያ ማናሳስ ከተማ አንድ 10/22 ሊያይ ይሄዳል፤ 215 ዶላር ተብሏል። የኔን ኦሪጅናል ካዝና ሰጥቼዋለሁ። ጠመንጃው ባዶ መሆኑን በዓይኑም በጣቱም ያረጋግጣል። ካዝናውን አስገብቶ ያወጣል። ምላጩ አካባቢ ያሉት ሁለት ፒኖች የተፋፋቁ መሆናቸውን ያያል፤ ከተፋፋቁ ሰው ፈትቶታል ማለት ነው፣ ምን እንደቀየረ ይጠይቃል። ቀለህ የምታወጣውን መንጠቆ በጥፍሩ ይነካል። ደንዛ ከሆነች ከዋጋው ላይ 14 ዶላር ያስቀንሳል።