አምፕ በራሴ ገጠምኩ፦ አምፑ ቆንጆ ነው፣ የሽቦ ኪቱን ግን እንዳትገዙ

ዝርዝሩን ማንበብ ለማይፈልግ ውጤቱን መጀመሪያ ልንገራችሁ። አምፕሊፋየሩን (የመኪናውን ድምፅ ማጉያ) በጣም ወድጄዋለሁ፣ ከ5 4.5 እሰጠዋለሁ። አብሬ የገዛሁት የሽቦ ኪት ግን 1 ኮከብም አይገባውም፣ መኪና ሊያቃጥል የሚችል ነገር ነው። ይሄን የምጽፈውም በዋናነት ስለሱ ነው ምክንያቱም ሰው ስለ አምፑ ዋት ሲከራከር ይውልና ሽቦው ጋር ሲደርስ "ያው ሽቦ ነው" ብሎ ያልፈዋል፣ እኔም እንደዛ ብዬ ነበር የገዛሁት።

መኪናዬ ቪትዝ ናት፣ መሪዋ ከቀኝ ወደ ግራ የተቀየረ። አብረዋት የመጡት እስፒከሮች ለዜና ይበቃሉ በቃ። እሁድ እሁድ እናቴን ቤተክርስቲያን የማደርሳት እኔ ነኝ፣ በጾም ደግሞ መንገዱን ሙሉ በገና ነው የምትሰማው። በገና የሚያውቅ ሰው ይገባዋል፣ ነፍሱ ያለችው ታች ያለው ወፍራም ድምፅ ላይ ነው፣ በነዛ እስፒከሮች ግን የሚወጣው የአውታሩ ዝዝታ ብቻ ነበር፣ ወፍራሙ ጭራሽ የለም፣ ድምፅ ስትጨምሩ ደግሞ ይሰነጠቃል። አምፕ ያስፈለገኝ ለዚህ ነው፣ ሰፈር ለማናወጥ አይደለም።

ሶማሌ ተራ ሄጄ ባለ 4 ቻናል (4 የድምፅ መውጫ ያለው) አምፕ፣ አንድ ባለ 10 ኢንች የቤዝ እስፒከር ከነሳጥኑ፣ እና የሽቦ ኪት ገዛሁ። ኪቱ 3,800 ብር ነው፣ ባትሪ ላይ የሚታሰረው ቀይ ሽቦ፣ ከአምፑ ወደ መኪናው ብረት የሚታሰረው የግራውንድ ሽቦ፣ የፊውዝ ቤት፣ ከቴፑ ወደ አምፑ ድምፅ የሚወስደው አርሲኤ ኬብል እና ቴፑ ሲበራ አምፑን የምታበራዋ ቀጭኗ የሪሞት ሽቦ አሉት። ለመግጠሚያ 6,000 ሲሉኝ ራሴ ልሞክረው አልኩ።

መጀመሪያ ስለ አምፑ። ካርቶኑ ላይ በትልቁ 1800 ዋት ይላል፣ እሱን ቁጥር እርሱት፣ የየትኛውም አምፕ ካርቶን ላይ ያለውን እርሱት። ጎኑ ላይ የተሰካውን ፊውዝ እዩ። የኔ 30 አምፔር ነው። ሞተር ሲሰራ መኪናው 13.8 ቮልት አካባቢ ይሰጣል፣ 30 በ13.8 ስታባዙት 414 ዋት ነው፣ ከሱ ላይ ደግሞ እንደኔ ያለው ክላስ ኤቢ የሚባለው ዓይነት አምፕ 40 ፐርሰንት አካባቢውን ሙቀት አድርጎ ያባክነዋል፣ የሚቀረው ወደ 250 ዋት ነው። መመሪያውን ስከፍተው በትንሽ ጽሁፍ 60 ዋት አርኤምኤስ (ሳያቋርጥ የሚሰጠው እውነተኛ ኃይል) በ4 ቻናል ይላል፣ 240 ማለት ነው፣ ከፊውዙ ጋር ገጠመ። 1800 የተባለውን አምፕ የወደድኩት መመሪያው ውስጥ እውነቱን ስለጻፈ ነው፣ እና 240 እውነተኛ ዋት ለቪትዝ ከበቂ በላይ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ግቢ ውስጥ ጀመርኩ። ኮፈኖውን ከፍታችሁ መጀመሪያ የባትሪውን ኔጋቲቭ በ10 ቁልፍ ፍቱት፣ ፖዘቲቩን ቀድማችሁ ስትፈቱ ቁልፉ ድንገት ቦዲውን ቢነካ እሳት ነው የሚረጨው። ቀዩን ሽቦ ከሞተር ክፍሉ ወደ ውስጥ ማሳለፍ ብዙ ሰው የሚቸገርበት ነው፣ እኔ ጋ ግን የድሮው መሪ የነበረበት በኩል በጎማ የተደፈነ ቀዳዳ ስላለ በሱ አሳለፍኩት። ቀዳዳ ብትበሱ ጎማ ሳታደርጉ ሽቦ እንዳታሳልፉ፣ የቆርቆሮው ጠርዝ በንዝረት ቀስ እያለ ላስቲኩን ይቆርጠዋል። ከዛ በር ስር ያለውን ፕላስቲክ አንስቼ በምንጣፉ ስር ወደ ኋላ። አርሲኤውን በሌላኛው በር በኩል ወሰድኩት፣ ሁለቱ ጎን ለጎን ከሄዱ የዲናሞው ድምፅ እስፒከር ውስጥ ሊገባ ይችላል።

ይሄን ሁሉ ተጠንቅቄም ሞተር ሳስነሳ ዊዊዊ የሚል ድምፅ መጣ፣ ጋዝ ስረግጥ አብሮ የሚወጣ። አንድ ሰዓት አርሲኤ ስነካካ ቆይቼ ችግሩ ግራውንዱ ላይ ሆኖ አገኘሁት፣ ቀለም የተቀባ ብሎን ላይ ነበር ያሰርኩት። ኋላ ወለሉ ላይ ሌላ ቦታ መርጬ፣ ከስሩ የነዳጅ ታንከር ወይ ቱቦ አለመኖሩን ጎንበስ ብዬ አይቼ፣ ቀለሙን በብርጭቆ ወረቀት ባዶው ብረት እስኪያበራ ፈቀፈቅኩትና በአዲስ ብሎን ከነሮንዴላው ጥብቅ አድርጌ አሰርኩት፣ ከላዩ እንዳይዝግ ግሪስ ቀባሁት። ድምፁ ወዲያው ጠፋ። የግራውንዱ ሽቦ ከግማሽ ሜትር እንዳይበልጥ፣ የቀበቶ ብሎን ላይ ደግሞ ፈጽሞ አትሰሩ፣ ያ ብሎን ሰው ለማዳን ነው እዛ ያለው።

እሁድ እናቴን አድርሼ ስመለስ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተኝ። ዳር ይዤ ኮፈኖውን ስከፍት የኪቱ የፊውዝ ቤት ጣት የሚያስቀር ሙቀት ነበረው፣ ፕላስቲኩ በአንድ በኩል ለስልሶ ተጣሟል። ፊውዙ ግን አልተቃጠለም። እዚህ ጋ ልብ በሉልኝ፣ ፊውዝ የሚቆረጠው ከልኩ በላይ ከረንት ሲያልፍ ነው፣ ሽቦው ፊውዝ ቤቱ ውስጥ በደንብ ሳይያዝ ቀርቶ መገናኛው ሲግል ፊውዙ አያውቅም። የኪቱ ፊውዝ ቤት ሽቦውን የሚይዘው በአንዲት ትንሽ ብሎን ነው፣ እሷም ጠበቅ ስትደረግ ጥርሷ ተበላ።

ቤት ስደርስ ጎረቤታችን፣ ጡረታ የወጡ የኤሌትሪክ ባለሙያ ናቸው፣ አይተውኝ መጡ።

"ስንት ገዛኸው ልጄ?"

"3,800 ጋሼ፣ ንፁህ መዳብ ነው ብለውኛል።"

ከኪሳቸው ሰንጢ አወጡና ከሽቦው አንዷን ክር መዘው በስለቱ ፋቅ ፋቅ አደረጓት፣ ከዛ መዳፌ ላይ አስቀመጡልኝ። ከላይ ቀይ፣ ከውስጥ ነጭ። "መዳብ እስከ ውስጡ ቀይ ነው። ይሄ አሉሚኒየም ነው፣ መዳብ አልብሰውት።" ላስቲኩን ሲልጡት ደግሞ ከውጭ አውራ ጣት የሚያክለው ሽቦ ውስጡ የእርሳስ ውፍረት እንኳን የለውም፣ ሁሉ ነገሩ ላስቲክ ነው። ላዩ ላይ 4 ጌጅ (የሽቦ ውፍረት መለኪያ ነው) ተብሎ ተጽፏል፣ ትክክለኛ 4 ጌጅ 21 ሚሊ ሜትር ስኩዌር መዳብ ሊኖረው ይገባል፣ መዳብ የለበሰ አሉሚኒየም ደግሞ በዛው ውፍረት ከንፁህ መዳብ ሁለት ሶስተኛውን ያህል ብቻ ነው ከረንት በደንብ የሚያሳልፈው። እሳቸው መልቲ ሜትር አመጡና ቤዝ ያለው ዘፈን ከፍተን ለካን፣ ባትሪው ላይ 13.9፣ አምፑ ላይ 12.8። ከ1 ቮልት በላይ መንገድ ላይ ሙቀት ሆኖ ይቀራል።

ሰኞ ኪቱን ይዤ ተመለስኩ፣ ሻጩ "ወንድሜ የተቆረጠ ሽቦ አይመለስም፣ ኪት ሁሉ እንደዚህ ነው" አለኝ። ሽቦ ሲሸጥ መዳብ ነው ብሎ፣ ሲመለስ ሁሉም እንደዚህ ነው ማለት ልክ አይደለም፣ ሰው ይሄን ባትሪው ላይ አስሮ ልጆቹን ጭኖ ነው የሚሄደው።

ከዛ በጋሼ ምክር የብየዳ ኬብል ገዛሁ፣ ባለ 16 ሚሊ ሜትር ስኩዌር። ንፁህ መዳብ ነው፣ ክሮቹ ቀጫጭን ስለሆኑ እንደ ገመድ ይተጣጠፋል፣ ምንጣፍ ስር በቀላሉ ይገባል። ግራውንዱንም በሱ ቀየርኩ። ጫፉን በካፖኮርዳ (ሽቦውን ብሎን ላይ ለማሰር ጫፉ ላይ የሚጨመቅ ብረት) አስጨምቄ፣ ጠንካራ የፊውዝ ቤት ለብቻው ገዝቼ 40 አምፔር ፊውዝ አደረግኩበት፣ ከባትሪው 20 ሳንቲም ላይ። ፊውዙ ከባትሪው ከ45 ሳንቲም በላይ መራቅ የለበትም፣ ምክንያቱም ከባትሪው እስከ ፊውዙ ያለውን ሽቦ የሚጠብቀው ነገር የለም። እንደገና ስንለካ 13.9 እና 13.7። ከሁለት ሳምንት በኋላ ደጋግሜ በእጄ ነክቼዋለሁ፣ ቀዝቃዛ ነው።

አምፑን ማስተካከል ላይ አንድ ነገር፣ ጌን የምትባለዋ መዞሪያ ድምፅ መጨመሪያ አይደለችም። እስፒከሮቹን ነቅዬ፣ የቴፑን ድምፅ መጨረሻው ከሆነው 40 ውስጥ 30 ላይ አድርጌ፣ 1000 ኸርዝ የሚል የሙከራ ድምፅ አጫውቼ በመልቲ ሜትር ኤሲ ላይ ለካሁ። 60 ዋት በ4 ኦም (የእስፒከሩ ሬዚስታንስ) ሲባዛ 240 ይሆናል፣ ስኩዌር ሩቱ 15.5፣ ስለዚህ 15.5 ቮልት ስትደርስ አቆምኩ። የፊት እስፒከሮቹን ከ80 ኸርዝ በታች ያለውን ቆረጥኩባቸው፣ ያንን ቤዙ ይሸከመዋል። ቤዙን በሁለቱ የኋላ ቻናሎች ብሪጅ ነው ያደረግኩት፣ ሁለቱ ተደምረው አንድ እስፒከር እንዲነዱ ማለት ነው፣ እንደዛ ስታደርጉ ቤዙ 4 ኦም መሆኑን አረጋግጡ፣ 2 ኦም ከሆነ አምፑ ሊሞትባችሁ ይችላል።

ድምፁን በተመለከተ፣ በገናው አሁን ከነወፍራሙ ይመጣል፣ እናቴ የመጀመሪያ ቀን ምንም ሳትናገር ቤተክርስቲያን ደርሰን መዝሙሩ እስኪያልቅ መኪና ውስጥ ተቀመጠች። ግማሽ ነጥብ የቀነስኩበት የአምፑ የእስፒከር ማሰሪያ ብሎኖች በጣም ትንንሽ ስለሆኑ ነው፣ ቀጭን ካቻቪቴ ከሌላችሁ ትቸገራላችሁ።

የኬብሉን ርዝመት ለምትጠይቁ፣ ለቪትዝ 5 ሜትር ቀይ እና ግማሽ ሜትር ጥቁር በቅቶኛል፣ ኮሮላ ላይ አምፑን ኋላ የምታስቀምጡ ከሆነ 6 ውሰዱ፣ ከመግዛታችሁ በፊትም አንዷን ክር አስመዝዛችሁ እዛው ሱቁ ውስጥ ፋቋት።