የአባቴን መዝገበ ቃላት ላዳኑልኝ መጽሐፍ ጠራዥ

ጎንደር ያላችሁ፣ ቤታችሁ ያረጀ መጽሐፍ ያላችሁ ሁሉ ይህን አንብቡልኝ። ከፒያሳ ወደ ቅዳሜ ገበያ በሚያወርደው መንገድ፣ ጠባብ ቤት ውስጥ የሚሠሩ አንድ መጽሐፍ ጠራዥ አሉ። ስማቸውን እንዳልጽፍ ለምነውኛል። እኔ ጋሼ ነው የምላቸው። ለማመስገን ሦስት ጊዜ ሄጃለሁ፤ አሁንም አልወጣልኝም። ስለዚህ ልጻፈው።

አባቴ የቅኔ ሰው ነበር። ካረፈ አራት ዓመት ሆነው። ከንብረቱ ሁሉ የምሳሳለት አንድ መጽሐፍ ነው፤ የወልፍ ሌስላው የግዕዝ መዝገበ ቃላት። ለጥናት ጎንደር መጥቶ የነበረ እንግዳ፣ አባቴ ብራና በማንበብ ስላገዘው አገሩ ሲገባ በፖስታ ላከለት። ትርጉሙ በእንግሊዝኛ ነው። አባቴ ደግሞ እንግሊዝኛ አይችልም። ማታ ማታ እኔ እንግሊዝኛውን አነብለታለሁ፣ እሱ ግዕዙን ያስረዳኛል። እንግሊዝኛም ግዕዝም የለመድኩት እንደዚያ ነው።

መጽሐፉ እያንዳንዱን የግዕዝ ቃል ከዘመዶቹ ጋር ያስተያያል። «ቤት» የሚለው ጋ ስንደርስ ዓረብኛውም «በይት»፣ ዕብራይስጡም «ባይት»፣ የጥንቱ አካድኛም «ቢቱ» እንደሚል አነበብኩለት። አባቴ በደስታ ጉልበቱን መታ። «ዘመዶቻችን ናቸዋ!» አለ። ከዚያች ማታ ጀምሮ ኅዳጉ ላይ በእርሳስ መጻፍ ያዘ። ቃሉ በእናቱ አገር እንዴት እንደሚባል፣ በየትኛው ቅኔ እንደሰማው፣ ሁሉንም።

አባቴ ካረፈ በኋላ መጽሐፉ ተገነጣጠለ። ጥረዛ ይሠራል ወደተባለ ቦታ ወሰድኩት። ገንዘቡን አስቀድመው ተቀበሉ። «ነገ ነይ» እያሉ ሦስት ሳምንት አመላለሱኝ። ስረከበው ጠርዙን በመቁረጫ ማሽን አስተካክለውታል። ከአባቴ ጽሑፍ ግማሽ ግማሹ የለም! አንዱ ቃል ሁለት ፊደል ቀርቶታል፣ ሌላው ጭራሽ ጠፍቷል። ስናገራቸው «እንዲያምር ብለን ነው» አሉኝ። መንገድ ላይ አለቀስኩ። ኮላው ደግሞ ወር እንኳን አልቆየም፣ መጽሐፉ መልሶ ተበተነ።

ሁለተኛው ቦታ የባሰ ነው። ልጁ በሁለት ጣቱ አንስቶ አየውና «ፎቶኮፒ አድርጊው፣ እሱን እንጠርዝልሻለን። ይሄን ጣይው» አለኝ። ጣይው! እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ። አንድ ዓመት ሙሉ መጽሐፉን በነጠላ ጠቅልዬ ሣጥን ውስጥ ቆለፍኩበት።

ጋሼን የጠቆመችኝ አብራኝ የምታስተምር ጓደኛዬ ናት። ዕድሜ ይስጣት። ጋሼ በልጅነታቸው በአታ አቋቋም ተምረዋል። የብራና መጽሐፍን በቆዳ የመሸፈኑን ሥራ፣ ድጉሱን ደግሞ ከአባታቸው ነው የወረሱት። ነጠላውን ስፈታ ምንም አላሉም። ተነስተው እጃቸውን በሳሙና ታጠቡ። ከዚያ ገጹን አንድ በአንድ መቁጠር ጀመሩ። ከአንድ ሰዓት በላይ ፈጀባቸው። ሁለት ቅጠል ተገልብጦ ገብቶ አገኙ። ያ የጠረዘው ሰው አላየውም፣ እኔም አላየሁትም ነበር።

ከመጀመሪያው ገጽ ግርጌ ያለውን ጽሑፍ በጣታቸው ነክተው «ይሄ ምን ይላል ልጄ? የደራሲው ስም ነው?» አሉኝ። «አይ ጋሼ፣ አሳታሚው ነው። ኦቶ ሃራሶቪትስ፣ ቪስባደን፣ 1987 ይላል» አልኳቸው። አሳታሚው ማን እንደሆነ ጠየቁኝ። እሳቸው እየቆጠሩ እኔ የማውቀውን ነገርኳቸው።

ኦቶ ሃራሶቪትስ የሚባል ሰው ጀርመን አገር ላይፕዚግ ከተማ ቤቱን የከፈተው እ.ኤ.አ. በ1872 ነው። ዐፄ ዮሐንስ አክሱም ላይ የነገሡበት ዓመት ማለት ነው። የምሁራን መጻሕፍት ይሸጥ ነበር፤ ያሳትምም ነበር። በተለይ የምሥራቁን ዓለም ቋንቋዎችና ታሪክ። ላይፕዚግ ያኔ የማተሚያ ቤቶችና የመጻሕፍት ነጋዴዎች ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1943 ግን በጦርነቱ ከሰማይ ቦምብ ዘነበባት። አሳታሚዎቹ የነበሩበት ሰፈር ነደደ፣ በሚሊዮን የሚቆጠር መጽሐፍ አመድ ሆነ። ከጦርነቱ በኋላ ሃራሶቪትስ ወደ ምዕራቡ ክፍል ተሻግሮ ቪስባደን ላይ ሥራውን ቀጠለ። እስከ ዛሬም እዚያው አለ። ለዓለም ቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ ያቀርባል፣ የራሱንም ያሳትማል።

ጋሼ መቁጠሩን አቆሙ። «ከተማው ነዶባቸው እንደገና ጀመሩ?» አሉ። አዎ አልኳቸው። ትንሽ ዝም ብለው «እንግዲያ አንዲት መጽሐፍ እኛን አታቅተንም» አሉና ቆጠራቸውን ቀጠሉ።

ያን ጊዜ ነው ልቤ የተረጋጋው።

ይህ አሳታሚ ቤት ለእኛ ስንቱን እንዳደረገ ሰው ቢያውቅ ደስ ይለኛል። የሌስላውን ባለ ሦስት ቅጽ የጉራጌ መዝገበ ቃላት እ.ኤ.አ. በ1979 ያሳተመው እሱ ነው። የአማርኛ ሰዋስው መጽሐፉንም በ1995። የኢትዮጵያን ነገር የሚያጠና መጽሔት ከ1998 ጀምሮ ያወጣል። በሐምቡርግ ዩኒቨርሲቲ የተዘጋጀውን የኢትዮጵያ መዝገበ ዕውቀት፣ ኢንሳይክሎፒዲያ ኤቲዮፒካን ደግሞ ከ2003 እስከ 2014 በአምስት ትልልቅ ቅጾች አሳትሟል። ቶሎ የሚሸጡ መጻሕፍት አይደሉም። ስንት ሰው የግዕዝ ሥርወ ቃል ይገዛል? ግን አሳተሙት። ይህን ስነግራቸው ጋሼ «ጎንደርስ አለችበት?» አሉኝ። አለች፣ ሁለተኛው ቅጽ ላይ፣ በ2005 የወጣው። ፊታቸው ሲበራ ብታዩት።

ጥረዛውን እንዴት እንደሠሩት አልገባኝም። ክር አይቻለሁ፣ ወስፌ አይቻለሁ፣ ቆዳ አይቻለሁ። ረቡዕ ብለውኝ ረቡዕ አስረከቡኝ። ጠርዙን በምላጭ እንኳን አልነኩትም። የቀድሞውን ሽፋን ሳይጥሉ፣ አዲሱ ቆዳ ውስጥ አኖሩት። መጽሐፉ ተዘርግቶ ጠረጴዛ ላይ ይተኛል፣ አንድ ቅጠል አይወድቅም።

አሁን የምነግራችሁ ግን ከሁሉም የበለጠውን ነው። ስገልጠው መጨረሻው ላይ ሃያ ያህል ባዶ ቅጠል ተሰፍቶበታል። አላዘዝኩም። ምንድን ነው ስላቸው «ያን የተቆረጠውን የአባትሽን ቃል የምታስታውሺውን ያህል እዚህ ጻፊው። ገጹን እየጠቀስሽ ጻፊ። አንቺ ካልጻፍሽው ማን ይጽፈዋል?» አሉኝ። መልስ መስጠት አቃተኝ። የጠየቁኝ 900 ብር ነበር። ጨምሬ ስሰጣቸው ትርፉን ቆጥረው መለሱልኝ። «ለቅጠሉ ልክፈል አትበዪ፣ እሱ ከእኔ ነው» አሉ።

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ያክብርልኝ። እጅዎ አይንጠፍ። ዕድሜና ጤና ይስጥዎት።

ወገኖቼ፣ የአያታችሁ ዳዊት፣ የእናታችሁ ውዳሴ ማርያም፣ የልጅነት መማሪያችሁ ተበጣጥሶ ከሆነ አትጣሉት። እባካችሁ ለማንም ባለ ማሽን አትስጡ። ጋሼ ጋ ውሰዱት። ተማሪዎችም፣ የመመረቂያ ጽሑፋችሁን ሳይቀር ይጠርዛሉ። ደግሜ እላለሁ፣ ጋሼ ጋ ውሰዱት። ሥራ ስለሚበዛባቸው አታጣድፏቸው፤ ያሉት ቀን ይደርሳል።

ቤቱ ታፔላ የለውም። የልብስ ስፌት መኪና የሚጠግኑት ጎን ነው፣ በሩ አረንጓዴ ነው። እሑድና በዓል አይሠሩም። መጽሐፉን በፌስታል አትውሰዱት፣ በጨርቅ ጠቅልሉት። የተበተነ ቅጠል ካለ፣ ትንሽም ብትሆን፣ አብራችሁ ያዙ። እኔ ባዶው ቅጠል ላይ ስድስተኛው ገጽ ደርሻለሁ።