አሮጌ ላፕቶፔ ላይ ሊኑክስ ሚንት፦ ከአራት ወር በኋላ

ላፕቶፔ ዴል ላቲቲዩድ ኢ6430 ነው። ሦስተኛ ጀነሬሽን ኮር አይ 5፣ 4 ጊጋ ራም። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ሲያበቃ ወደ 11 ልሻገር ብል አልሆነም። 11 ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደህንነት ቺፕ ይፈልጋል፤ ከኢንቴል ደግሞ ከጥቂቶች በስተቀር ከስምንተኛ ጀነሬሽን በታች ያለ ፕሮሰሰር አይቀበልም። የሚሠራ ዕቃ መጣል አንጀቴ አልቻለም። እንደ ዊንዶውስ ያለ ሌላ ኦፐሬቲንግ ሲስተም፣ ሊኑክስ ሚንት 22ን፣ ኤክስኤፍሲኢ የሚባለውን ቀለል ያለ እትሙን፣ ጫንኩበት። ነፃ ነው፤ ክራክ ፍለጋ የለም፤ እስከ 2029 እ.ኤ.አ. ድረስም አፕዴት ያገኛል።

ፋይሉ ወደ 3 ጊጋ ስለሚጠጋ በሌሊት ፓኬጅ አወረድኩት። ሳትጭኑት ከፍላሽ አስነስታችሁ መሞከር ትችላላችሁ፤ ይህን እንዳትዘሉት። ዋይፋዩን፣ ድምፁን፣ ፕሪንተሩን እዚያው እዩ። የኔ ዋይፋይ እምቢ ብሎ ስልኬን በኬብል ሰክቼ፣ በስልኩ ዳታ ድራይቨር አውርጄ ነው የተነሳልኝ።

አስተማሪ ነኝ፤ ፍላሼ ከኮፒ ቤት ኮፒ ቤት ይዞራል። ባለፈው ሰሞን የፈተና ወረቀት አሳትሜ ስመለስ ባልደረባዬ ኮምፒውተር ላይ ብሰካው ፎልደሮቼ በሙሉ ሾርትከት ሆነዋል። ያ የምናውቀው ቫይረስ ነው። ቤት መጥቼ ሚንት ላይ ስከፍተው ቫይረሱ የደበቃቸው ፎልደሮች ከነስማቸው ቁጭ ብለዋል፣ አጠገባቸው ደግሞ ሾርትከቶቹ፤ እነሱን መርጬ አጠፋኋቸው፣ አለቀ። እውነቱን ለመናገር ለዚህ ብቻ እንኳ ብቀይር አይቆጨኝም። አፕዴትም ቢሆን ሳይጠይቀኝ ፓኬጄን አይጨርስም፣ ሥራ መሀል ሪስታርት አያደርግም።

አማርኛ መጻፉ ሰግቼ ነበር። አይባስ የሚባለውን የመጻፊያ ፕሮግራም ከአማርኛ ኪቦርዱ ጋር ጫንኩ፤ ኤስና ኢ ስትመቱ ሰ ይወጣል፣ በሁለት ቀን እጅ ይለምደዋል።

አሁን ወደ ችግሩ። ከሚንት ጋር የሚመጣው የቢሮ ፕሮግራም፣ ሊብሬኦፊስ፣ የወርድ ፋይል ይከፍታል፤ ሠንጠረዥ የበዛበት ወረቀት ላይ ግን መስመሩ ይዛባል፣ ኮፒ ቤት ስሄድ ሁልጊዜ ፒዲኤፍ አድርጌ ነው የምወስደው። በፒችትሪ ሒሳብ የምትሠሩ ወይም በአውቶካድ የምትስሉ ከሆነ ዊንዶውስን አትንኩት፤ ሁለቱም ለሊኑክስ አልተሠሩም። በግድ አስነሳለሁ ብላችሁ የሰው ሒሳብ ይዛችሁ እንዳትንከራተቱ።

እኔን ያስቸገረኝ ግን የድሮ ጽሑፌ ነው። ግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ (ፊደል በየትኛውም ኮምፒውተር ላይ አንድ ዓይነት ሆኖ እንዲነበብ የሚያደርገው ዓለም አቀፍ አሠራር) ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ቢሆንም፣ ከዚያ በኋላም ለዓመታት በድሮዎቹ የግዕዝ ፎንቶች ስንጽፍ ኖረናል። እነዚያ ፋይሎች ሚንት ላይ ሲከፈቱ የእንግሊዝኛ ፊደልና የምልክት ድብልቅ ይሆናሉ። ፎንቱን ገልብጬ ስጭን ማንበብ ቻልኩ። ለማረም ግን መጻፊያው ለዊንዶውስ ብቻ የተሠራ ነው። እንዲህ ያለ የፈተና ወረቀት 40 ያህል አለኝ፤ ስለዚህ ዊንዶውሱን ሙሉ በሙሉ አላጠፋሁትም፣ ኢንተርኔት ሳላገናኘው ከሚንት ጎን ትቼዋለሁ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ሁለት ሦስቱን እየከፈትኩ ወደ ዩኒኮድ እያዛወርኩ ነው።